አራተኛው ቀዳዳ

ጁን 18፣ እሑድ

እኔ አልነካሁትም። ይሄ መጀመሪያ ይጻፍ። ማንም አልጠየቀኝም፣ አውቃለሁ፤ ግን ጥያቄው የመጣ ቀን አፌ እንዳይተሳሰር ነው ቀድሜ የምመልሰው። ምሰሶ ላይ በተሠራ ቤት ሥር የቆመ ማሽን ስንት ነገር ይነካካዋል! ድመት አለ፣ ዶሮ አለ፣ የሰው ልጆች አሉ። እኔን ብቻ ምን ታዩኛላችሁ?

ደብተሩ የልጅ ልጄ የፎን ነው። ከተማ ልትማር ስትሄድ ግማሹን ባዶ ጥላው ሄደች። አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ይመስላል፣ ግን ይነበባል። ሽማግሌው ባሌ ካምፑን በሕይወት ሳለ የሆዴን የማወራው ለሱ ነበር። ይስማ አይስማ እንጃ፣ ጆሮው ግን አጠገቤ ነበር። ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። አሁን እኔ አፌን ስከፍት ምራቴ ላምዱዋን ሬዲዮኑን ከፍ ታደርገዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእጅ ትራክተራችን ከኋላው ሮለር አለው፣ ጭቃውን የሚፈጨው እሱ ነው። ሮለሩ ላይ ሃያ ቢላ በብሎን ታስሯል፤ ግማሹ ወደ ግራ የታጠፈ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ። ከሮለሩ ኋላ ደግሞ አንዲት ትንሽ ጎማ በብረት ዘንግ ቆማለች። ዘንጉ ላይ አምስት ቀዳዳ አለ፤ በአንዱ ፒን፣ የጣት ያህል ብረት፣ ይሰካበታል። ፒኑን አንድ ቀዳዳ ባሳለፉት ቁጥር ጎማዋ ከፍ ትላለች፣ ቢላዎቹ አንድ ጣት ይጠልቃሉ። ካምፑን ያርስ የነበረው አራተኛው ላይ ሰክቶ ነው። ቀዳዳው አጠገብ በሞረድ ምልክት አድርጎበታል። በካምፑን እጅ የታረሰ ማሳ ውሃ አፈሰሰ ያለ ሰው እዚህ መንደር አልተወለደም።

አሸዋ አገር ነው ያለነው። ከላይ ያለው ጭቃ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ከሱ ሥር የእርሻ ጎሽ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የረገጠው ጠንካራ ወለል አለ፤ ውሃውን የሚይዘው እሱ ነው። እሱ ከተበሳ ማሳው ወንፊት ሆነ ማለት ነው። ይሄን ሕፃንም ያውቃል።

ታዲያ ልጄ ቡንሎት ዘንድሮ አዲስ ቢላ ገዛ። አሮጌዎቹ ተበልተው ተበልተው ማንኪያ አክለው ነበር። ሐሙስ ዕለት ላምዱዋን አንዱን አሮጌ ከአዲሱ ጎን አስተኝታ በጣቷ ለካች።

«ሁለት ጣት ይበልጣል» አለች። «ፒኑ ሁለተኛው ላይ ይሁን።»

«የአባቱ አራተኛው ነው» አልኳት።

«እማማ፣ የአባባ ምልክት ለተበላ ቢላ ነው። ቢላው ሲያጥርባቸው እኮ ነው ያጠለቁት።»

«ካምፑን ሲያርስ አንቺ ነበርሽ እንዴ መሪውን የያዝሽለት?»

«እኔማ ሩዝ ነበር የምቀቅልላቸው። እሱም ድንጋይ ነው ይሉ ነበር እርሶ።»

ቡንሎት ሳቀ። ከሷ ጋር ሳቀ። ፒኑንም ሁለተኛው ላይ ሰካው። የአባቱ ምልክት ባዶውን ቀረ። እኔ ወጥቼ ጎመን አጠጣሁ።

ትላንት የሲኑዋንን ማሳ አረሰ። ሲኑዋን ጎረቤቴ ናት፣ እንደኔው ባሏ የሞተባት። ማሳዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ውሃ ቀድሞ እዛ ይተኛል፤ ሁሌም ከሷ ነው የሚጀመረው። አመሻሹ ላይ ቡንሎት ማሽኑን ኩሬው ዳር ሲያጥብ በመስኮት አየሁት። ጭቃው ከዘንጉ ላይ ሲወርድ እጁ ቆመ። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ቆጠረ። ከዛ ቀና አለና ወደ መስኮቱ አየ። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር።

እራት ላይ ዓሣው ጨው በዝቶበታል እንኳን አላለም። በዝቶበት ነበር።

ጁን 21፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ፣ ሩዙ እሳት ላይ ነው። ቡንሎት ፒኑን ወደ ሁለተኛው መልሶ የኛን ማሳ አረሰ። ማን አዛወረው አላለም። እኔም ለምን ትመልሰዋለህ አላልኩም። የአውራ ጣቴ ጥፍር ተሰንጥቆ ሲያመኝ ሰነበተ። የጎመኑ አጥር ነው የሰነጠቀኝ።

ጁን 27፣ ማክሰኞ

ትላንት ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ዛሬ ጠዋት የኛ ማሳ ውሃው ባት ድረስ ነው፣ እንቁራሪቱ ይጮሃል፣ ደስ ይላል። የሲኑዋን ማሳ ጭቃ ብቻ። የዘነበውን ሁሉ ጠጥቶት አድሯል። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ነው አሉ። መሃሉ ላይ ቆማ አየኋት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ሰው ቤቱ ተዘርፎ ሲገባ እንደሚቆመው።

ሱቅ ሄጄ የማያስፈልገኝን ጨው ገዛሁ። እንዳላዩኝ ሆነው ነው ያወሩት።

«ለራሱ ቀስ ብሎ አረሰ፣ ለባልቴቷ እያባረረ።»

«መርከብ የለመደ ሰው ምን ታደርጊዋለሽ? መሬቱ ባሕር መስሎት ነው።»

ሳቁ። የጨው ሻጯም ሳቀች፣ መልሴን እየቆጠረች።

ቡንሎት ስምንት ዓመት የዓሣ መርከብ ላይ ነበር። አንድ ጣቱን ገመድ በልቶበታል። አባቱ ሲሞት አልቅሼ፣ እህል አልበላም ብዬ ነው ያስመጣሁት። አሁን የዘጠኝ ቤት ማሳ የሚያርሰው እሱ ነው። ሰው አምኖ ከጠራው እዚህ ይኖራል። ካልጠራው ወደዛ ባሕር ነው። ይሄን እያወቅኩ አፌን ዘግቼ ጨዬን ይዤ መጣሁ። እኔ! አፌ የማይዘጋው!

ምልክቱ ባዶውን ሲቀር አላስቻለኝም። ማለት፣ ለማየት አላስቻለኝም። ሌላ አላልኩም።

ጁን 30፣ ዓርብ

ላምዱዋን ለሰላጣ ጥሬ ፓፓያ ስትወቅጥ ድንገት ቆመች። ዘነዘናውን አነሳችና አሸተተችው።

«እማማ፣ ይሄ ግራሶ ነው እንዴ?»

«ምን ግራሶ! የአሳማ ስብ ነው።»

«የአሳማ ስብ ጥቁር ነው?»

«ሲያር ምን እንዲሆን ፈልገሽ ነበር?»

ዘነዘናውን ገለበጠችው። ጫፉ ላይ ብረት የበላው ክብ ምልክት አለ፣ ትንሽዬ። እሱን አየች፣ ጥፍሬን አየች፣ መልሳ እሱን አየች። ከዛ ይዛው ወርዳ በአመድ አጠበችው። ለአንድ ዘነዘና ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም። ፓፓያውንም ለዶሮ ደፋችው፤ አንድ ሙሉ ፓፓያ፣ ከነቃሪያው። አባካኝ ናት ስል ማን ይሰማኛል።

ጁላይ 5፣ ረቡዕ

ቡንሎት ዛሬ ሲኑዋን ቤት ሄደ። እኔ አጥሩ ጋ ቅጠል እየለቀምኩ ነበር። ተከትዬው አይደለም።

«አክስቴ፣ ፒኑን ያለቦታው ረስቼው ነው» አላት። «ወለሉን በስቼብሻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አንተ? አንተ ነህ የምትረሳው?» አለችው። «ሱሪህን ሳትታጠቅ ትወጣለህ እንጂ ብሎን ሳትቆጥር ትወጣለህ?»

«ረሳሁ አልኩሽ እኮ፣ አክስቴ።»

«ተው ቡንሎት።»

«ረሳሁ።»

ከሰዓት ጋደም ብዬ ሳለሁ ባልና ሚስቱ ከቤቱ ሥር ተጣሉ። ወለላችን ጣውላ ነው፣ ሁሉም ነገር ሽቅብ ይመጣል።

«ወይ አንተ ንገራቸው፣ ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ያየሁትን።»

«ምን አየሽ? ዘነዘና ነው ያየሽው።»

«አንተ ባሕር ላይ ስትቀቀል እኔ ደግሞ እዚህ ብቻዬን ልቀር ነው። ይሄን ለማን ብለህ ነው?»

«እናቴ ናት፣ ላምዱዋን። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። እዚህ መንደር ቀና ብላ ነው የኖረችው። አሁን በስተርጅና አንገቷን ላስደፋት?»

ስለ ማን እንደሚያወሩ እንጃ። እናት ብዙ ነው።

ጁላይ 11፣ ማክሰኞ

ጨረቃ ሞላች፣ መነኮሳቱ ለክረምቱ ሱባዔ ገቡ። ቤተ መቅደስ ሩዝ ይዤ ሄድኩ። የወጥ ቤቱ ሴቶች ቦታ ለቀቁልኝ፤ በክብር አይደለም፣ እንደሚጋባ በሽታ ሸሽተውኝ ነው። የመንደሩ ሹም ሚስት ድምጿን አለስልሳ፣ «እማማ ቡዋላ፣ አይቀየሙን፤ ዘንድሮ ከመንገዱ ማዶ ትልቁን ትራክተር ጠርተናል» አለችኝ። ሌሎቹም ጠርተዋል። ከዘጠኙ ቤት ለቡንሎት የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ደንቆሮ ነው፣ ወሬው ገና አልደረሰውም።

ትእዛዛቱን አብረን ስንደግም፣ ሐሰት አልናገርም የሚለው ጋ ስንደርስ ድምፄ ጠፋ። ጉንፋን ይዞኛል።

ጁላይ 16፣ እሑድ

ቡንሎት ከሌላ መንደር ጎሽ ተውሶ አመጣ። እኛ ጋ እኮ ጎሽ ከቀረ ቆየ፣ ሁሉም ሞተር ሆኗል። አራት ቀን ሙሉ የሲኑዋን ማሳ ላይ ጎሹን ከጠዋት እስከ ማታ ያዞረዋል፤ ረግጦ ረግጦ ወለሉን ሊደፍነው ነው። ከኋላው እሱም ይረግጣል። እግሩ ጣት መሃሉ በስብሷል።

ዛሬ እሱና ጎሹ ምሳ ሊበሉ ሲወጡ እኔ ገባሁ። ቀሚሴን ሰብስቤ ወገቤ ላይ አሰርኩና ረገጥኩ። ሲኑዋን መጣች።

«አንቺ ቡዋላ! ምን እየሠራሽ ነው?»

«እየረገጥኩ ነዋ፣ ዓይንሽ ጠፋ?»

«አርባ ኪሎ አትሞዪ! ዶሮ ብለቅበት ይሻለኝ ነበር።»

«እንግዲያው አንቺ ግቢ። ያንቺ መቀመጫ ብቻውን ጎሹን ያስንቃል።»

ገባች። እውነቴን ነው፣ ገባች። ሁለት አሮጊት በጠራራ ፀሐይ ጭቃ ውስጥ ዝም ብለን ስንዞር፣ ሰው ቢያየን ለሕክምና ይወስደን ነበር። በሦስተኛው ዙር ላይ ቆመች።

«ልጅሽ አልረሳም» አለች። «ያ ልጅ ሲወለድ እትብቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ቀልቶ ነበር።»

እኔ መርገጤን ቀጠልኩ።

«ምራትሽ ናት ይላሉ። እጇ አያርፍም፣ ቢላውን ስትለካ ስትነካካ ነበር ይላሉ። እሷ ናት?»

አሁን ነበር። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አልነበረም፣ ከሷና ከጭቃው በቀር የሚሰማ የለም። አፌን ከፈትኩ።

«እንጃ» አልኩ።

እንጃ ማለት ነው ማለት አይደለም። አይደለም ማለትም አይደለም። ሲኑዋን ግን ራሷን ነቀነቀች፣ «ገባኝ» አለች፣ እግሯን ከጭቃው እየነቀለች ወጣች። ምን ገባት? ተከትዬ ልጠራት ነበር። እግሬ ተይዞ ነው።

ጁላይ 24፣ ሰኞ

ወሬው ዞሯል። ላምዱዋን ናት ያበላሸችው፣ ባሏ ነው የሚሸፍንላት። ይሄው ነው አሁን። ዛሬ ከጉድጓድ ውሃ ስትቀዳ ሴቶቹ ዝም አሉባት፤ ባልዲዋን ሳትሞላ ተመለሰች። ማን እንዳስወራው ታውቃለች ብዬ አስባለሁ። የኔን ሩዝ ግን ሳታጎድል ቅርጫቴ ውስጥ ታስቀምጣለች፣ ትኩሱን፣ ከላይ ያለውን ለስላሳውን። ባትሰጠኝ ይሻለኝ ነበር።

የሲኑዋን ማሳ ውሃ የሚይዘው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ችግኟ መደቡ ላይ አርጅቶ አንጓ አወጣ። ግማሹን ተከለች፣ ግማሹን ለከብት አጨደችው። የኛ ማሳ አረንጓዴ ነው፤ በዛ በኩል ስሄድ ፊቴን አዞራለሁ።

ይሁን። እዚህ ማን ያነበዋል? ያደረግኩት እኔ ነኝ።

የዛን ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ወረድኩ። ዘነዘናውን ይዤ ነው የወረድኩት፣ ስለዚህ እንዲያው ድንገት ሆነ ልል አልችልም። ከታች ወደ ላይ ሦስት ጊዜ መታሁት፣ ፒኑ ወጣ። ምልክቱ ጋ ስሰካው ጠቅ አለ። ይሄን ያህል ጊዜ ስሰማው የኖርኩት ድምፅ ነው፤ ካምፑን ይሰካና «በቃ፣ ሻይ አምጪ» ይል ነበር። ቆሜ ጠበቅኩ። አሮጊት ሴት ማሽን አጠገብ ቆማ ሻይ አምጪ እስክትባል ጠበቀች። ከዛ ተመልሼ ተኛሁ፤ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።

ላምዱዋን ልክ ነበረች። የተበላ ቢላና አዲስ ቢላ። ይሄንን እኮ እኔም አውቀዋለሁ! ካምፑን ሦስተኛው ላይ ሆኖ፣ «ቢላው ስለተበላ ዘንድሮ አንድ ላሳልፈው» ብሎ ወደ አራተኛው ሲወስደው ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነኝ። ታዲያ ምን ያዘኝ? ሳቁ ነው። ከሷ ጋር የሳቀው ሳቅ።

ኦገስት 12፣ ቅዳሜ

የእናቶች ቀን ነው። ሬዲዮኑ ከጠዋት ጀምሮ ስለ እናት ይዘፍናል፣ ዛሬ እንኳን ዝቅ ቢያደርጉት ምን ነበረበት።

ቡንሎት የጃስሚን አበባ ጉንጉን ይዞ መጣ። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ እግሬ ላይ ሦስት ጊዜ ሰገደ። የአርባ ዓመት ሰው፣ አናቱ ላይ ሽበት ጀምሯል።

«እማ፣ በሰው ፊት አሳፍሬሻለሁ። ይቅር በይኝ» አለ። ከዛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፒኑን የረሳሁት እኔ ነኝ። ለሁሉም እንደዛ ነው ያልኩት። አንቺም እንደዛ በዪ» አለ። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

እኛ ጋ ታናሽ ነው ይቅርታ የሚለምነው። ታላቅ ይቅር ይላል፣ አናት ይዳብሳል፣ ይመርቃል። ከተወለድኩ ጀምሮ እናት ልጇን ይቅር በለኝ ስትል ሰምቼ አላውቅም። እንዴት ተብሎ እንደሚቀመጥ፣ እጅ የት እንደሚደረግ አላውቅም። እና ምን አደረግኩ? አናቱን ዳበስኩና «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ» አልኩ።

ይቅር ብዬሃለሁ! እኔ!

ላምዱዋን ከኋላው ተንበርክካ ነበር። አበባዋን ጭኔ ላይ አስቀመጠችና ቀና ሳትል ቀረች። እሷንም ይቅር በያት ብለው ይጠብቁኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ። አልጠበቁም፣ ተነስታ ወጣች።

ማክሰኞ ወደ መርከቡ እንደሚሄድ ነገረኝ። ለሁለት ዓመት ፈርሟል። «ሲረሳሳ እመጣለሁ» አለ።

ኦገስት 15፣ ማክሰኞ

መኪናው በሦስት ሰዓት ይመጣል፤ ደርሷል መሰለኝ፣ ሞተር ይሰማኛል። ሰዉ በር ላይ ተሰብስቧል። ነጩ ክር ተቆርጦ ሰሐን ላይ ተቀምጧል፤ መንገደኛ ሲሸኝ ክር ማሰር የሚጀምረው ትልቅ ሰው ነው። እኔ ነኝ ትልቋ። የእጁ አንጓ ላይ አስሬ «በደህና ሂድ፣ በደህና ተመለስ» እላለሁ፣ ከዛ ሌላው ሁሉ ይከተላል። መቶ ጊዜ ያደረግኩት ነው። ጓዳ ገብቼ በሩን የዘጋሁት መነጽሬን ልፈልግ ብዬ ነው። መነጽሬ ፊቴ ላይ ነው።

ሲኑዋንም መጥታለች። ድምጿ ጣውላውን ያልፋል። «ሚስቱን እጅሽን ሰብስቢ ቢላት ኖሮ ዛሬ አይሄድም ነበር» ትላለች። ላምዱዋን እዛው ቆማ ሻይ እያዞረች ነው። ቡንሎት ሳል ሳለ።

ብናገር ይቀራል? ፈርሟል፣ አይቀርም። ስለዚህ ምን ዋጋ አለው እላለሁ። እሱ ሲሄድ ግን እዚህ ቤት የምንቀረው እኔና እሷ ነን። ለሁለት ዓመት ትኩሱን ሩዝ ታስቀምጥልኛለች፣ ሰዉ ደግሞ ባልዲዋን ባዶ ይመልሰዋል።

እንዴት ነው የሚባለው? እንዲህ ነው፦ ሰው ሁሉ ይስማ፣ ፒኑን ያዛወርኩት እኔ ቡዋላ ነኝ፣ በዘነዘና። ሲጻፍ እንዴት ያጥራል! አንድ መስመር እንኳን አልሞላም። ሁለት ወር ሙሉ ይሄን ነው የተሸከምኩት? እስቲ ድምፄን አውጥቼ ልበለው። አልኩት። ሹክሹክታ ሆነ።

«እማማ! ሰው በር ላይ እየጠበቀ ነው!» ላምዱዋን ናት።

«መጣሁ!»

«እርሶ ካልጀመሩ ማንም አያስርም እኮ።»

ተቀምጬ መጻፌን አልተውኩም። በሩን ከፍታ ገባች። ደብተሩን አየችው፣ ምን ይጽፋሉ አላለችም። ልታነሳኝ እጇን ዘርግታልኝ ቆማለች።